በፊት ለፊት በር የገባው አባወራ

አንድ ቤተሰብ ብርድ በማይለቃት የደጋ ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር። አባትየው አቶ ጥላዬ ዕድሜያቸውን በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌርነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። እናትየው ወይዘሮ ስንዱ በእንግዳ አቀባበላቸው ሰፈሩ ሁሉ የሚያመሰግናቸው ሴት ናቸው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ታላቂቱ ምንትዋብ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ታናሿ ህሊና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ቤቱ ጥሩ ሳሎን ነበረው። ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ይሞላዋል። ፕላስቲኩ ያልተገፈፈ ሶፋ፣ ዳንቴል የለበሰ ጠረጴዛ፣ አፋቸው ወርቅማ ቅብ የሆኑ ስኒዎች የተደረደሩበት ቡፌ አለው። በሩ ግን ይቆለፋል። ቁልፉ ወይዘሮ ስንዱ ዘንድ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፤ እንግዳው ሲሄድ ተጠርጎ ይቆለፋል። ቤተሰቡ ራሱ የሚውለውም የሚያመሸውም ከኩሽናው አጠገብ ባለች፣ ፀሐይ በማያያት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያች ውስጥ የባልና ሚስቱ አልጋ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሽንኩርቱ ቅርጫትና የህሊና ደብተሮች ተጋፍተው ይኖራሉ። አንዱ እግሩን ሲዘረጋ ሌላው ይሰበስባል። ይህን ማንም እንደ ችግር አይቆጥረውም። የጎረቤቱም ቤት እንዲሁ ነበር።

ምንትዋብ የምታጠናው የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው። ትምህርቱን ስትመርጥ ዘመድ አዝማዱ ግራ ገብቶት ነበር። አንድ ፋሲካ አጎቷ በሰው ፊት፣ «ታዲያ ስትመረቂ ምን ልንልሽ ነው? ሶፋ አስቀማጭ?» አሏት።

አቶ ጥላዬ ልጃቸውን አላስደፈሩም። «አውቶቡስ ውስጥ ወንበር እንዲያው አይበቅልም» አሉ። «አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበት ነው የተሳፋሪው ጉልበት ከፊቱ ወንበር ጋር የማይጋጨው።»

«ያንተ አውቶቡስ ላይ ግን ይጋጭ ነበር» አሉ አጎትየው፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ ጥላዬም አብረው ሳቁ።

ምንትዋብ ጎበዝ ተማሪ ሆነች። እጇ ለመስመር፣ ዓይኗ ለቀለም የተፈጠረ ነው ይሏታል። በመጨረሻው ዓመት መምህራቸው ፍስሐጽዮን ተማሪዎቹን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦ «ወረቀት ላይ የሚሠራ ቤት ይብቃን። እያንዳንዳችሁ ሰው ከሚኖርበት ቤት አንድ ክፍል ምረጡና አድሱ። ከዚያ እየዞርኩ አያለሁ። የመመረቂያ ሥራችሁ ይኸው ነው።»

ምንትዋብ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደባትም። የቤታቸውን ሳሎን መረጠች። እናቷም ፈቀዱላት፤ አንዲት ቅድመ ሁኔታ ግን ነበረቻቸው። «ቀለሙንም ቀቢው፣ መጋረጃውንም ቀይሪው። ብቻ ሶፋው ላይ ማንም እንዳይፈነጭበት።»

ልጅቷ ያላትን ሁሉ ሰጠችው። የድሮውን አረንጓዴ የዘይት ቀለም ፍቃ ግድግዳውን የገብስ ዛላ በሚመስል ለስላሳ ቀለም ቀባችው። ከባዱን መጋረጃ አውርዳ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነጭ ጨርቅ ሰቀለች። ከስንደዶ የተሰፋ ሙዳይ ገልብጣ የመብራት ሽፋን አደረገችው። የሶፋውን ፕላስቲክ ገፈፈችና ወተት የመሰለ ነጭ ጨርቅ አለበሰችው፤ ዘመናዊ እንዲመስል ብላም እግሮቹን በአናጢ አስቆርጣ ዝቅ አደረገችው። ስትጨርስ ፎቶ አንስታ ለክፍል ጓደኞቿ ላከች። ጓደኞቿም አድናቆታቸውን አወረዱት።

ወይዘሮ ስንዱ በር ላይ ቆመው አዩትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እንዲህ አምሮማ ማን ይገባበታል?» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወዲያ ወዲህ የሚሉት ጎረቤቶች ሳይቀሩ በጓዳ በኩል ይስተናገዱ ጀመር። ድሮ ለማንኛውም እንግዳ ይከፈት የነበረው ሳሎን አሁን ለተመረጠ እንግዳ ብቻ ሆነ።

መምህር ፍስሐጽዮን የመጡት ከቀትር በኋላ ነው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ወይዘሮ ስንዱ ምርጡን ስኒ አወጡ፤ አቶ ጥላዬ እንኳ ለወጉ ሶፋው ጫፍ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። መምህሩ ቀለሙን አዩ፣ ብርሃኑን አዩ፣ የሙዳዩን መብራት አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ምንትዋብን ጠየቋት።

«ትናንት በዚህ ሰዓት እዚህ ማን ተቀምጦ ነበር?»

«ማንም።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

ምንትዋብ እናቷን አየች። እናቷ ምንጣፉን አዩ።

«ካላስቸገርኳችሁ የምታመሹበትን ክፍል ባየው» አሉ መምህሩ።

ወይዘሮ ስንዱ እያፈሩ መሯቸው። መምህሩ ከአልጋውና ከሽንኩርቱ ቅርጫት መካከል ቆመው ጠባቧን ክፍል አዩ። በግድግዳው ላይ የወዛውን እርጥበት በእጃቸው ነካ አደረጉ። ወደ ሳሎኑ ሲመለሱ ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም።

«ክፍሉ ያምራል፤ እጅሽ ጎበዝ ነው። ለማን እንደተሠራ ግን አልገባኝም። ውጤት አሁን አልሰጥሽም። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ተመልሼ እመጣለሁ።»

ምንትዋብ መምህሯን እስከ መኪናቸው ድረስ በፈገግታ ሸኘች። ስትመለስ ፊቷ ተቀያይሯል። አባቷ፣ «ምን አሉሽ ታዲያ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ተወኝ እስቲ አባዬ! አንተ ምኑ ይገባሃል?» አለቻቸው። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጮኸ። አንድ የክፍል ጓደኛዋ ነው። «አቤት የኔ ቆንጆ! ኧረ ምንም አይደል፣ ደህና ነኝ!» አለች እንደ ማር በሚንጠባጠብ ድምፅ። አቶ ጥላዬ ወደ ስልኩ አየት አደረጉ፣ ወደ ልጃቸው አየት አደረጉ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ጠባቧ ክፍል ገቡ።

በማግስቱ ምንትዋብ እናቷን ለማግባባት ሞከረች። «እማዬ፣ ሳሎኑን እንኑርበት። ፀሐዩ እኮ ባዶ ወንበር እያሞቀ ነው የሚጠልቀው።»

ወይዘሮ ስንዱ ምስር እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ቆም አለ። «ገና ሙሽራ ሳለሁ» አሉ፣ «የአባትሽ አክስት ከሩቅ አገር መጡብኝ። የማስቀምጥበት አልነበረኝም። የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ እዚያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ነው ያቃጠለኝ። የዚያን ቀን በሆዴ አንድ ነገር ተሳልኩ፤ ሁለተኛ በቤቴ እንግዳ አያፍርም አልኩ። ይኸው ሳሎን በዚያ ስለት የመጣ ነው። እኛማ የትም እንሆናለን፤ እኛ እንግዳ አይደለን።»

 ምንትዋብ የእናቷ ነገር ልክ ባይሆንም ከእውነት የመጣ እንደሆነ ገባትና ምስሩን አብራቸው ትለቅም ጀመር።

ኅዳር ገባ። ውርጩ በረታ። አቶ ጥላዬን ደረታቸውን ብርድ መታቸው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቷቸው፣ «ሞቅ ያለና እርጥበት የሌለው ቦታ ይተኙ፤ ፀሐይም አይራቅዎት» አላቸው። ወይዘሮ ስንዱ ጠባቧ ክፍል ውስጥ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቀለሏቸው፤ ሳሉ ግን አልለቅ አለ።

ሰፈርተኛው ሰማ። የታመመ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከበር አይመለስምና ሳሎኑ ተከፈተ። ጠያቂዎቹ ጠባቧ ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው ይገባሉ፣ «እግዜር ይማርህ» ይላሉ፣ ከዚያ ወደ ሳሎኑ ያልፉና ፀሐዩ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ወሬው ይደራል። ሳቁ በግድግዳው ያልፋል። አቶ ጥላዬ ጨለማው ውስጥ ተኝተው ያዳምጣሉ። ኩሽናው በር ላይ ስዕሏን ይዛ የተቀመጠችውን ምንትዋብን ጠሯት።

«ምንቴ፣ እኔን ለመጠየቅ የመጡት ሰዎች ከእኔ ይልቅ ተመችቷቸዋል» አሉ። ልጅቷ ስዕሏን አስቀምጣ ብርድ ልብሱን አስተካከለችላቸው። እሳቸው ግን ጣራ ጣራውን እያዩ ቆዩና በድንገት ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉ። «ያን ለሠርግ የምለብሰውን ኮት አምጪልኝ።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሰው ልጠይቅ።»

ምንትዋብ ልታስቆማቸው አሰበች፤ የዓይናቸውን ፈገግታ ስታይ ግን ኮቱን አመጣችላቸው። አቶ ጥላዬ ኮታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ከዘራቸውን ያዙ፣ በኩሽናው በር ወጥተው ቤቱን ዞሩት። ጠያቂዎቹ ወጥተው አልቀዋል፤ አንዲት ጎረቤት ብቻ ነጠላዋን እያስተካከለች የግቢው በር ላይ ቆማለች። ወይዘሮ ስንዱ ሳሎኑን ጠርገው ሊቆልፉ ቁልፉን አውጥተዋል። በዚህ መሐል የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ።

«ቤቶች!»

«ቤት ለእንግዳ!» አሉ ወይዘሮ ስንዱ በልማድ፤ ፈገግታቸውን ይዘው በሩን ከፈቱት። ባላቸው ቆመዋል።

አቶ ጥላዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንደምን ዋሉ ወይዘሮ ስንዱ? አቶ ጥላዬ ታመዋል ቢሉኝ ልጠይቃቸው መጣሁ።»

«ጥላዬ፣ ምን ሆነሃል? ትኩሳቱ ወጣብህ እንዴ?»

«በር ላይ ሊያቆሙኝ ነው? ብርድ ነው እኮ።»

ጎረቤቲቱ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ወይዘሮ ስንዱ በዕድሜያቸው እንግዳ በር ላይ አቁመው አያውቁም፤ ያውም ሰው እያየ። «ይግቡ…» አለ አንደበታቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ። «ኖር! ይቀመጡ።»

አቶ ጥላዬ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ነጩ ሶፋ ላይ፣ ፀሐዩ መካከል ተቀመጡ። ሙቀቱ ጀርባቸውን ሲያገኘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወይዘሮ ስንዱ ግራ ተጋብተው ቆመው አዩአቸው። በባላቸው ፊት ላይ እንዲህ ያለ እረፍት ካዩ ሰንብተዋል።

«ሻይ ቢጤ ላምጣልዎት?» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ገብቶበታል።

«ካላስቸገርኩ።»

ሻዩ ወርቅማ ቅብ ባለው ስኒ መጣ። ወይዘሮ ስንዱ ማንኪያውን አንስተው፣ «ስኳሩ ይበቃዎታል?» አሉ።

አቶ ጥላዬ የእንግድነት ድምፃቸውን ረሱት። «ስንዱ፣ ስኳሩ ይበቃሃል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«አውቀዋለሁ እኮ። ለምን እጠይቅሃለሁ?»

«እሱማ ታውቂዋለሽ። መጠየቁ ግን ደስ ይላል።»

ወይዘሮ ስንዱ ስኳሩን ጨምረው አማሰሉላቸው። አቶ ጥላዬ ሻያቸውን ፉት ብለው እንደገና እንግዳ ሆኑ። «ለመሆኑ የታመሙት እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው… ይሻላቸዋል…» ብለው ጀመሩና ማንኪያውን አስቀመጡት። «እርጥበት ውስጥ አስተኝቻቸው እንዴት ይሻላቸዋል?» አሉ። ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ከባላቸው ጎን ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ያ ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ሲቀመጡበት የመጀመሪያቸው ነበር። ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ምንትዋብ እያለቀሱ መስሏት ስትጠጋ ግን ሳቅና እንባቸው ተደባልቆ አየች። «ኮቱንስ ማን አቀበለህ አንተ ሽማግሌ?» አሉ።

ህሊና ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባት፣ እናትና እህቷን ሳሎኑ ውስጥ አግኝታ፣ «ማን መጣ?» ብላ ጠየቀች። «እኛ» አሏት እናቷ።

ትንሽ ቆይተው አቶ ጥላዬ ሊነሱ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ሶፋው ዝቅ ብሏል፣ ጉልበታቸውም ለዓመታት መሪ ሥር ታጥፎ የደረቀ የሹፌር ጉልበት ነው። ሁለቱ ልጆች ግራና ቀኝ ይዘው ጎተቷቸው። «የዚህን ሶፋ እግር ያስቆረጠው ሰው» አሉ እያለከለኩ፣ «እንግዳው እንዳይሄድበት የፈለገ መሆን አለበት።»

ምንትዋብ ፊቷ ቀላ። የሶፋውን ቁመት ስትመርጥ በዓይነ ኅሊናዋ የነበረው ፎቶው ነበር፤ የአባቷ ጉልበት ትዝ አላላትም። ለዓመታት ስለ ቀለምና ብርሃን ስትማር፣ አባቷ ከየትኛው ወንበር በቀላሉ እንደሚነሱ አንድም ቀን አልጠየቀችም ነበር።

አልጋው ወደ ሳሎኑ ጥግ ተዛወረ። የፀሐዩ ሙቀትና መድኃኒቱ ተጋግዘው ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። ምንትዋብም ሥራዋን እንደ አዲስ ጀመረች። በዚህኛው ጊዜ እርሳስ ከማንሳቷ በፊት ቤተሰቧን ዝም ብላ ታይ ነበር። እናቷ ምስር ሲለቅሙ ብርሃን በየት በኩል እንደሚሹ አየች። ህሊና ስታጠና እግሯን አጣጥፋ እንደምትቀመጥ አስተዋለች። ከዚያ የሶፋውን እግር መልሳ አስረዘመች፤ ነጩን ልብስ በሚታጠብ ቡናማ ጨርቅ ቀየረችው። መስኮቱ ሥር ለህሊና ሰፊ ዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ አጠገቡም ለእናቷ መደገፊያ ያላት በርጩማ አስቀመጠች። ስኒዎቹን ከቡፌው አውጥታ እጅ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ደረደረቻቸው። እንግዶችም መምጣታቸውን አላቆሙም። ወይዘሮ ስንዱ በመጀመሪያ «ቤቱ ተዝረክርኮ» እያሉ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር፤ ኋላ ግን እንግዶቹ ከድሮው ይልቅ ረዘም አድርገው እንደሚቀመጡ፣ እንደሚጫወቱ፣ ምስሩንም አብረው እንደሚለቅሙ ሲያዩ ይቅርታውን ተዉት።

መምህር ፍስሐጽዮን ሳይነግሩ መጡ። ቤቱ በጨዋታ ተሞልቶ ስለነበር ሲያንኳኩ የሰማቸው አልነበረም። ገብተው ሲቆሙ ህሊና ደብተሮቿን ዘርግታለች፣ አቶ ጥላዬ ሬዲዮ ይጎረጉራሉ፣ አንዱ ወንበር ላይ ሰፌድ ተቀምጧል። ወይዘሮ ስንዱ ደንግጠው መሰብሰብ ጀመሩ።

«ይተዉት፣ እባክዎ» አሉ መምህሩ፤ ሰፌዱን ራሳቸው አንስተው ተቀመጡ። ዙሪያውን አዩ። ዓይናቸው ሶፋው ላይ ካለ የሻይ ጠብታ ላይ አረፈ። «ይህን ማን አፈሰሰው?»

አቶ ጥላዬ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

መምህሩ ሳቁ። «አሁን ለማን እንደተሠራ ገባኝ» አሏት ምንትዋብን። ከዚያ ስለ ውጤት አንድም ነገር ሳይናገሩ ሻይ እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ውጤቱ ሲለጠፍ ግን ምንትዋብ ከክፍሉ ከፍተኛውን አግኝታ ነበር።

ውጤቷን ባየች ዕለት ለአባቷ ልትነግራቸው ገባች። ብቻቸውን ነበሩ። ከደስታው በፊት ግን ሌላ ነገር አነሳች።

«አባዬ፣ መምህሩ መጀመሪያ የመጡ ቀን አመናጭቄህ ነበር። ወዲያው ደግሞ በስልክ ጓደኛዬን…»

«የኔ ቆንጆ አልሻት» አሉ አቶ ጥላዬ። «ሰምቻለሁ።»

«ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣሽ? እናትሽ ሳሎኗን እንደምትቆልፍ አንቺም ጥሩ ቃልሽን ለውጭ ሰው ቆልፈሽ ስታኖሪ አየሁ። እኔም ብሆን ለተሳፋሪ ሁሉ ‹እንኳን በሰላም መጣችሁ› እያልኩ ኖሬ፣ ቤቴ ስገባ ‹እራት የታለ?› ነበር የምለው። ቆላፊው ብዙ ነው ልጄ።»

ምንትዋብ አጠገባቸው ተቀመጠችና ትከሻቸው ላይ ተደገፈች። «ከፍተኛውን አገኘሁ» አለቻቸው ቀስ ብላ። «የኔ ጎበዝ!» አሉ አቶ ጥላዬ፤ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው እስከ ጎረቤት ተሰማ።

ወዳጆቼ፣ እንግዳን ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው ትልቅ ጸጋ ነውና አንጣለው። ነገር ግን ብዙዎቻችን በልባችን ውስጥ የተቆለፈ ሳሎን አለን። ትሕትናችንን፣ ትዕግሥታችንን፣ «እባክህን»ና «አመሰግናለሁ»ን አጥበን፣ ወልውለን ለውጭ ሰው እናስቀምጣለን። ከእኛ ጋር የሚበላው፣ ስንታመም የሚያስታምመን፣ ስንወድቅ የሚያነሳን ሰው ግን በተረፈው ጠባብ ቦታ እንዲኖር እንፈርድበታለን። «እሱ እንግዳ አይደለም» እንላለን። እንግዳ ባለመሆኑ ነው ይበልጥ የሚገባው። ለቤተሰቡ የተከፈተ ልብ ለእንግዳም አይጠብም፤ ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ልብ ግን ለባለቤቱም ይቀዘቅዛል።

እስቲ ዛሬ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ከአንደበታችን ከሚወጣው ቃል ሁሉ ምርጡን የሚሰማው ማን ነው?